ለትንሽ ባቡር የእንጨት ጠፍጣፋ ፉርጎ አሠራር

ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ጠፍጣፋ ፉርጎ ከፉርጎዎች ሁሉ ቀላሉ ስለሚመስል፣ ትንሽ ባቡር መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በእሱ ይጀምራል። ምርጫው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን አይደለም። ባለ ግድግዳው ፉርጎ የራሱ ክብደት ስላለው ሐዲዱን ተጭኖ ይሄዳል፤ ክፈፉ ትንሽ ቢጣመም እንኳ ግድግዳው ያቃናዋል፣ ካላቃናውም ይሸፍነዋል። ጠፍጣፋው ፉርጎ ይህ ሁሉ የለውም። ቀላልና ስስ ነው፤ ከላይ የሚደግፈውም አካል የለም። ስለዚህ ማዕዘኑ በጥቂቱ ቢዛባ ወይም ከአራቱ መንኮራኩሮች አንዱ በወረቀት ውፍረት ያህል ቢንጠለጠል በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። ከዚህ የተነሣ በሚከተለው ማብራሪያ ውስጥ ከወለሉ ይልቅ ከወለሉ ሥር ያለው ሥራ ሰፊውን ቦታ ይይዛል።

ምጣኔና ልክ

ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው አርአያ የሚሆን ባቡር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ወደዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለነበር ሐዲዱ ከተራራው ሥር እንዲያልፍ ተደረገ፤ ከተማዋም በጣቢያውና በጥገና ወርክሾፑ ዙሪያ አደገች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የዚህ የቀድሞው ሐዲድ የውስጥ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ የምንለው እንግዲህ የቀድሞውን ነው።

በዓለም ላይ በስፋት የሚሸጠው የጓሮ ሞዴል ሐዲድ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ በ1፡22.5 ምጣኔ የተሠራ ፉርጎ በዚህ ሐዲድ ላይ ሲቆም የድሬዳዋን ባቡር በትክክለኛ መጠኑ ይመስላል። ስሌቱን ለማቅለል እውነተኛውን ልክ በሜትር ወስዶ በ44.4 ማባዛት ይበቃል፤ የሚገኘው ውጤት ሞዴሉ በሚሊ ሜትር የሚኖረው ልክ ነው።

እውነተኛ ፉርጎ ለመለካት ወደ ጣቢያ ግቢ መግባት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ያገኘ ሰው ሜትሩን፣ ስኳድራውንና ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ይግባ። ያላገኘ ደግሞ ሐዲድ ላይ የቆመ ፉርጎ በጫፉ በኩል ቀጥ ብሎ የተነሣበት ፎቶግራፍ ካለው፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር መሆኑ ስለሚታወቅ የፉርጎውን ስፋትና ከፍታ ከእሱ ጋር እያነጻጸረ ማውጣት ይችላል። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ልኮች የአንድ የተወሰነ ፉርጎ ቅጂ አይደሉም። 6 ሜትር ርዝመትና 2.25 ሜትር ስፋት ያለውን ባለ ሁለት ዘንግ አነስተኛ ፉርጎ የሚወክሉ ናቸው። ወለሉ 266 በ100 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት 133 ሚሊ ሜትር፣ የወለሉ የላይኛው ፊት ደግሞ ከሐዲዱ ራስ 45 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ረጅሙንና ባለ አራት ዘንጉን ፉርጎ መሥራት የሚመኝ ሰው አስቀድሞ ይህንን ሠርቶ ቢያስኬድ ይሻለዋል።

እንጨቱ

የድሬዳዋ አየር ሞቃትና ደረቅ ነው። ከደጋ የመጣ እንጨት፣ ሻጩ የቱንም ያህል ደረቅ ነው ቢል፣ ቆላ ወርዶ እንደገና ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል፣ አንዳንዱም ይጣመማል። ሐረር ላይ ቀጥ ያለው ጣውላ ድሬዳዋ ላይ ቀጥ እንዳለ እንዲቀር መጠበቅ አይገባም። መፍትሔው ትዕግሥትና ሚዛን ነው። ጣውላው ከሚፈለገው ልክ ትንሽ ወፈር ተደርጎ ይሰነጠቅና በመካከሉ አየር እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨቶች ተለያይቶ በቤት ውስጥ ይደረደራል፤ ከመካከሉ አንዱ ምልክት ተደርጎበት በየሳምንቱ በሱቅ ሚዛን ይመዘናል። ክብደቱ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ ውስጡ ውኃ አለ ማለት ነው። በተከታታይ ሁለት ሳምንት ክብደቱ ካልተለወጠ ለሥራ ደርሷል። ጣውላውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለማፋጠን መሞከር ጫፎቹን ከመሰንጠቅ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ለክፈፉ የምመርጠው ዋንዛ ነው። ለመላጊያ የማያስቸግር፣ ከደረቀ በኋላም እምብዛም የማይንቀሳቀስ እንጨት ነው። ወይራ ጠንካራና ደቃቅ ስለሆነ ለካስማዎችና ለትንንሽ ችንካሮች ወደር የለውም፤ ለረጃጅሞቹ ክፍሎች ግን ቀጥ ያለ የወይራ ጣውላ ማግኘት ከባድ ነው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለወለሉ ከጅቡቲ ከሚገባ ዕቃ ሥር የሚመጣው የፓሌት እንጨት ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜም በሚገባ የደረቀ ነው። ይሁን እንጂ በፓሌቱ ላይ የተመታውን ማኅተም ማየት ያስፈልጋል። «ኤች ቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት እንጨቱ በሙቀት ከተባይ የጸዳ መሆኑን ሲያመለክቱ፣ «ኤም ቢ» የሚሉት ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ መሆኑን ይናገራሉ። ሁለተኛውን ዓይነት ቤት ውስጥ ባይጋዙትና ባይልጉት ይመረጣል። ምስማሮቹም አንድ ሳይቀር መነቀል አለባቸው፤ አንድ የተረሳ ምስማር የመላጊያን ስለት ያበላሻል።

ክፈፉ

ክፈፉ አምስት እንጨቶችና ሁለት ሰሌዳዎች አሉት። ሁለቱ ጎን ተሸካሚዎች እያንዳንዳቸው 252 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 14 ሚሊ ሜትር ቁመትና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖራቸዋል። ሁለቱ የጫፍ አግዳሚዎች 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 18 ሚሊ ሜትር ቁመትና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። አምስተኛው በመሃል የሚገባ አግዳሚ ሲሆን 64 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 14 ሚሊ ሜትር ቁመትና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ይህ 64 ሚሊ ሜትር በሁለቱ ጎን ተሸካሚዎች መካከል የሚኖረው ክፍተት ነው። ሁለቱ ጎን ተሸካሚዎች በሜትር እየተለኩ ለየብቻ ከሚቆረጡ ጎን ለጎን በሞርሳ ታስረው በአንድ ጊዜ ቢቆረጡ እኩል መሆናቸው የተረጋገጠ ይሆናል። እኩል መሆናቸው ልካቸው 252 ከመሆኑ ይበልጣል።

በእያንዳንዱ የጫፍ አግዳሚ የውስጥ ፊት ላይ ጎን ተሸካሚው የሚገባበት 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ በመሮ ይወጣል። በጎን ተሸካሚዎቹ የላይኛው የውስጥ ጠርዝ ላይ ደግሞ ዘንጎቹ ከሚያርፉበት ቦታ በላይ 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ደረጃ ይቆረጣል። በእነዚህ ደረጃዎች ላይ 72 በ50 ሚሊ ሜትር የሆኑና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሰሌዳዎች ከላይ እኩል ሆነው ይቀመጣሉ። የመንኮራኩሮቹ መያዣ የሚታሰረው በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ነው።

ኮላ ከመቀባቱ በፊት ክፈፉ በደረቁ ተገጣጥሞ መታየት አለበት። ኮላው ከተቀባ በኋላ ክፈፉ ጠፍጣፋ በሆነ መስታወት ላይ ተኝቶ፣ ኮላው እንዳይጣበቅ ከሥሩ ላስቲክ ተነጥፎለት፣ በጠንካራ ገመድ ዙሪያውን ይታሰርና ገመዱ በትንሽ እንጨት እየተጠመዘዘ ይጠብቃል። ወዲያውኑ ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይለካሉ። ሁለቱም 284 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ራሱ ግን ዋና ነገር አይደለም፣ ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው ዋናው። ለዚህ ከሜትር የሚሻለው ጫፉ የሾለ ቀጭን እንጨት ነው። በአንዱ ሰያፍ ላይ ተደርጎ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያም በሌላው ሰያፍ ላይ ይዞራል፤ ምልክቱ ከማዕዘኑ ካለፈ ወይም ካልደረሰ፣ ኮላው ሳይይዝ ረጅሙን ሰያፍ በእጅ በቀስታ መጫን ክፈፉን ያስተካክለዋል። በእኛ ሙቀት ኮላ ፈጥኖ ስለሚይዝ ይህን ሥራ በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ማከናወን የተሻለ ጊዜ ይሰጣል። ኮላው ሲደርቅ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በትራፓኖ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወጥቶ የወይራ ችንካር ይመታበታል።

የዘንግ መያዣዎቹ

አራት መንኮራኩሮች በጠንካራ ክፈፍ ላይ ሲታሰሩ፣ ሐዲዱ ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆነ በቀር ሁልጊዜ አንዱ ይንጠለጠላል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግን በየትኛውም ወለል ላይ አይወላወልም። ስለዚህ ፉርጎው በሦስት ነጥብ እንዲቆም ይደረጋል፤ አንዱ ዘንግ በጥብቅ ይታሰራል፣ ሌላው ደግሞ በመካከሉ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ግራና ቀኝ እንዲያዘነብል ይተዋል። በጓሮ አፈር ላይ የተነጠፈ ሐዲድ መቼም ፍጹም ጠፍጣፋ ስለማይሆን፣ እንዲህ ያልተሠራ ጠፍጣፋ ፉርጎ እኔ አልመክርም።

ሁለቱ መያዣዎች የሚሠሩት 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ነው። ላሜራው በሁለት ቦታ ወደ ታች ይታጠፋል፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው የውስጥ ስፋት 58 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እግሮቹ መጀመሪያ ከሚፈለገው ረዘም ብለው ይተዉና ከታጠፉ በኋላ ከላይኛው ፊት 28 ሚሊ ሜትር ላይ በሞረድ ይስተካከላሉ፤ ላሜራ ሲታጠፍ ስለሚሳብ አስቀድሞ የተቆረጠ እግር እኩል ሆኖ መውጣቱ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የዘንጉ መሃል ከመያዣው የላይኛው ፊት 21.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። በዚያ ነጥብ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሁለቱ እግሮች ላይ ከወጣ በኋላ፣ ከቀዳዳው እስከ እግሩ ጫፍ ድረስ በብረት መጋዝ ተቆርጦ ወደ ታች የተከፈተ ቦይ ይሆናል። ዘንጉ ከነቡሹ፣ ማለትም ጫፉ ከሚዞርበት የናስ ቀለበት ጋር፣ ከታች ወደ ላይ ገብቶ ከሥሩ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያለፈ ሽቦ ይይዘዋል። እውነተኛው ፉርጎም ቢሆን ዘንጉን ከታች ተቀብሎ በዚያው መንገድ ይዘጋል። ለጥገና ሲባል ሽቦውን መንቀል ብቻ ስለሚበቃ፣ ይህ አሠራር ትንሽ ቢያደክምም ዋጋ አለው።

ቡሹ ከናስ በቶርኖ ይወጣል። የውስጡ ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቦዩ ውስጥ የሚገባው ክፍል ከውጭ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ወደ መንኮራኩሩ የሚዞረው ክፍል ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ወፍሮ 2.5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ይህ ወፍራም ትከሻ ዘንጉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይጠብቃል። መንኮራኩሮቹ ከውጭ እስከ ውጭ 52 ሚሊ ሜትር ስለሚይዙ በአጠቃላይ የሚቀረው የጎን እንቅስቃሴ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለኩርባ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው።

የሚያዘነብለው መያዣ ላይ በፉርጎው ርዝመት አቅጣጫ፣ በትክክል መሃሉ ላይ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት በትር በሊድ ይበየዳል። መሃሉ ላይ ብሎን ስለሚያልፍ በትሩ ሁለት አጫጭር ቁራጮች ይሆናል፤ አንዱ ከብሎኑ በፊት፣ ሌላው ከብሎኑ በኋላ። በሰሌዳው ሥር ደግሞ በትሩ የሚያርፍበት ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይወጣል፤ ይህ ቦይ መያዣው እንዳይዞር ይከለክለዋል፣ እንዲያዘነብል ግን አይከለክለውም። 3 ሚሊ ሜትር ብሎን ራሱ በሰሌዳው የላይኛው ፊት ውስጥ እንዲሰምጥ ተደርጎ ከላይ ወደ ታች ያልፋል፤ በላሜራው ላይ ያለው ቀዳዳ ግን 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከታች ሮንዴላና ሁለት ዳዶ ይገባል። የመጀመሪያው ዳዶ እስኪነካ ብቻ ይጠበቅና ሩብ ዙር ይላላል፤ ሁለተኛው ዳዶ በመጀመሪያው ላይ ተቆልፎ ባለበት እንዲቆይ ያደርገዋል። መያዣው በጣት ሲገፋ ያለ ምንም ችግር ማዘንበል አለበት።

የሚያዘነብለው መያዣ ከሰሌዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ፣ ጥብቁ መያዣም በዚያው መጠን ካልወረደ ፉርጎው ወደ አንድ በኩል ያጋድላል። ከዚያው ከላሜራው አንድ ቁራጭ በጥብቁ መያዣና በሰሌዳው መካከል ቢገባ ልኩ በራሱ ይገኛል። ጥብቁ መያዣ በሁለት ብሎኖች ይታሰራል። ቀዳዳዎቹ ትንሽ ሰፋ ቢሉ፣ ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ መያዣውን ማዟዟር ይቻላል። ትይዩ መሆናቸው የሚታወቀው በግራና በቀኝ በኩል የዘንጎቹ ጫፎች ርቀት በካሊፐር ተለክቶ እኩል ሲገኝ ነው።

መንኮራኩሮቹ

የተዘጋጁ የሞዴል መንኮራኩሮችን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ባቡር ጠጋኞችን ያፈራች ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ማድረግ እምብዛም አስፈላጊ አይመስለኝም። ለማንኛውም ቶርኖ ቤት ንድፍና ልክ ይዞ የሄደ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል፤ ስምንት መንኮራኩር በአንድ ጊዜ ማዘዝ አራት ከማዘዝ ብዙም አይወደድም፤ ትርፉ ለሚቀጥለው ፉርጎ ይሆናል። በንድፉ ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው፦ ሐዲዱን የሚረግጠው ፊት ዲያሜትር 30 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ በኩል ወጣ የሚለው ከንፈር ዲያሜትር 35፣ የከንፈሩ ውፍረት 1.5፣ አጠቃላይ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር። የሚረግጠው ፊት ጠፍጣፋ እንዳይሆን፣ ከከንፈሩ ወደ ውጭ በ3 ዲግሪ እየቀጠነ እንዲሄድ ማሳሰብ ያስፈልጋል። ይህ ቅጥነት መንኮራኩሮቹ በሐዲዱ መሃል ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ ያደርጋል፤ በትልቁ ባቡር ላይም ያለ ነው። ከንፈሩና ፊቱ የሚገናኙበት ማዕዘን ደግሞ ስለታም ሳይሆን ክብ ይሁን።

ሁለቱ መንኮራኩሮች 64 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የብረት ዘንግ ላይ በሞርሳ ተገፍተው ይገባሉ። በውስጥ ፊቶቻቸው መካከል ያለው ርቀት በትክክል 40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚህ ከጠበበ በሐዲድ መቀያየሪያ ላይ ይጋጫል፣ ከሰፋ ደግሞ ከንፈሮቹ ሐዲዱን እያሹ ፉርጎውን ይይዙታል። 40 ሚሊ ሜትር ተደርጎ የተቆረጠና በአንድ በኩል ለዘንጉ የተሰነጠቀ እንጨት በመካከላቸው ገብቶ እስኪነካ ድረስ መግፋት ከማንኛውም መለኪያ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ሐዲዱ ኤሌክትሪክ የሚተላለፍበት ከሆነ ከሁለቱ አንዱ መንኮራኩር በፕላስቲክ ቡሽ ከዘንጉ መለየት አለበት፤ አለበለዚያ ፉርጎው ሐዲዱ ላይ ባረፈ ቅጽበት ሾርት ያደርጋል። ባቡሩ በባትሪ የሚሄድ ከሆነ ይህ አያሳስብም።

ዘይት አይቀባም። የድሬዳዋ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ናሱን የሚበላ ጭቃ ይሆናል። የእርሳስ ግራፋይት በምላጭ ተፍቆ ዱቄቱ ቡሹ ውስጥ ቢገባ ዘንጉ ይለሰልሳል፣ አቧራም አይዝም።

አሁን ወለሉ ሳይነጠፍ ክፈፉ ይፈተናል። መስታወት ላይ ቆሞ በእያንዳንዱ መንኮራኩር ሥር የሲጋራ ወረቀት የሚያህል ስስ ወረቀት ለማሳለፍ ይሞከራል፤ የትኛውም መንኮራኩር ወረቀቱን ሊያሳልፈው አይገባም። ቀጥሎ በአንዱ መንኮራኩር ሥር 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ካርቶን ይደረግና ሦስቱ ከመስታወቱ እንዳልተነሡ ይታያል። በመጨረሻ ክፈፉ በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ይቀመጥና የሐዲዱ አንድ ጫፍ በቀስታ ከፍ ይላል፤ ጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲነሣ ክፈፉ ሳይገፋ መንከባለል መጀመር አለበት። ካልጀመረ ቡሹ ጠብቋል ወይም ዘንጎቹ ትይዩ አይደሉም። ችግሩ ሳይገኝ ወለል ማንጠፍ ትርጉም የለውም።

ክብደትና ወለል

ይህ ፉርጎ ከነመንኮራኩሩ 300 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ለብቻው ይሄዳል፤ በከባድ ፉርጎዎች መካከል ሲገባ ግን ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ በሁለቱ ሰሌዳዎችና በመሃል አግዳሚው መካከል ባሉት ሁለት ክፍተቶች ውስጥ 60 በ35 ሚሊ ሜትር የሆኑና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የብረት ቁራጮች ይገባሉ። እያንዳንዳቸው 165 ግራም ያህል ስለሚመዝኑ ፉርጎው ወደ 600 ግራም ይደርሳል፤ ከጎን ተሸካሚዎቹ የታችኛ ጠርዝ በላይ ስለሚቀሩም ከውጭ አይታዩም። ክብደቱ ከታች ሆኖ መሃል ላይ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ወለሉ ላይ የሚጫን ዕቃ ይህን ሥራ ሊተካ አይችልም።

ወለሉን ከአንድ ሰፊ ጣውላ አውጥቶ በላዩ ላይ መስመር በመጫር ብዙ ጣውላ ማስመሰል ፈታኝ አቋራጭ ነው። አይመከርም። ሰፊ ጣውላ በደረቅና በዝናብ ወራት መካከል ሲሰፋና ሲጠብ ቀጭኑን ክፈፍ ይዞ ይጣመማል፤ ያ ሁሉ የማስተካከል ድካምም ከንቱ ይሆናል። 9 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው 28 ጣውላዎች፣ በመካከላቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲተው፣ 266 ሚሊ ሜትሩን ይሸፍናሉ። ለክፍተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላሜራ ቁራጭ በየመካከሉ እየገባ ይወጣል። ንጣፉ ከሁለቱ ጫፎች ተጀምሮ ወደ መሃል ይሄዳል። የተጠራቀመ ስሕተት ካለ መሃል ላይ በሚገኙት ጥቂት ጣውላዎች ክፍተት ይከፋፈላል፤ ጫፍ ላይ የቀጠነ ጣውላ ግን ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ኮላ የሚቀባው በጎን ተሸካሚዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ጣውላው ከጣውላ ጋር አይጣበቅም። በብሎኖቹ ራስ ላይ የሚያርፉት ጣውላዎች ጨርሶ ኮላ ሳይነካቸው በስፒል ብቻ ይያዙ፤ አንድ ቀን ብሎን መፍታት ይመጣል። በእውነተኛው ፉርጎ ላይ የሚታዩትን የብሎን ራሶች ለማስመሰል የልብስ ሰፊ ስፒል አጥሮ ይመታል፤ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ወይም ሐረር መኪና ግርግር በልብስ ሰፊዎቹ ሠፈር በቀላሉ ይገኛል። በእያንዳንዱ ጣውላ ጫፍ ሁለት ሁለት ቢሆን በጠቅላላው 112 ያስፈልጋል። ቀዳዳ ሳይበሳ ስፒል መምታት ጣውላውን ስለሚሰነጥቀው፣ ከስፒሉ ትንሽ በሚቀጥን ፑንታ አስቀድሞ መብሳት ግድ ነው። ራሶቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ካልዋሉ ሌላው ሥራ ሁሉ ቢያምር አይታይም። ስለዚህ የቀዳዳዎቹ ቦታ በእርሳስ ሳይሆን በአንድ ቅርጽ ማውጫ ካርቶን ቢወሰን ይሻላል።

ፀሐይ ያረጀው የፉርጎ ወለል ቡናማ ሳይሆን ግራጫ ነው። ይህን መልክ ለማግኘት ቫርኒሽ አያስፈልግም። የብረት ሱፍ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይዘፈዘፋል፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ዕቃው መከደን የለበትም። ጣውላዎቹ በመጀመሪያ በጠንካራ ሻይ ይቀባሉ፣ ሲደርቁም በዚህ አቼቶ ይደገማሉ፤ ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ እንጨቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። ሥራው የሚከናወነው ጣውላዎቹ ከመነጠፋቸው በፊት ነው። ኮላ የነካው ቦታ ቀለሙን አይቀበልም፤ እርጥብ አቼቶም ስፒሎቹን ያዝጋል። በቁራጭ እንጨት ላይ ሳይሞከር ወደ ሥራው አይገባም። ክፈፉ በተልባ ዘይት ቢታሽ ይበቃዋል። ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ጥግ ላይ አይጣልም፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ በዚህ ከተማ ሙቀት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ተዘርግቶ ውጭ ይሰጣ።

ካስማና መቀጣጠያ

በየጎኑ ሦስት ወይም አራት የካስማ ማቀፊያዎች ከቀጭን ላሜራ ታጥፈው በጎን ተሸካሚው ላይ ይቸነከራሉ። ካስማዎቹ ከወይራ ይወጣሉ፤ ቱቦ፣ ግንድ ወይም ሐዲድ ሲጫን ይተከላሉ፣ ካልተጫነ ይነቀላሉ። ማቀፊያዎቹ በልክ ትንሽ ቢለያዩ ካስማው አንዱ ውስጥ ገብቶ ሌላው ውስጥ እምቢ ስለሚል፣ ሁሉም በአንድ ብረት ላይ ተጠቅልለው ቢታጠፉ ይመረጣል።

መቀጣጠያውን ከመንጠቆና ከሰንሰለት መሥራት ለዓይን ያምራል፤ ሰንሰለት ግን የሚጎትተው እንጂ የሚገፋው ነገር የለም። ባቡሩ ወደ ኋላ ሲሄድ የፉርጎዎቹ ማዕዘኖች ተጋጭተው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በሁለቱም ጫፍ የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት፣ በጫፍ አግዳሚው ላይ ባለው ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በቁልፍ ቢያዝ ለሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የብረቱ ርዝመት የሚወሰነው በኩርባው ነው። በገበያ ላይ በስፋት ከሚገኙት የ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ኩርባዎች መካከል ጠባቡ 600 ሚሊ ሜትር ራዲየስ አለው፤ በእሱ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ስፋትና 266 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ፉርጎዎች ማዕዘናቸው እንዳይነካካ በጫፎቻቸው መካከል ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ይሻሉ፤ 30 ቢደረግ አስተማማኝ ነው። ኩርባው በእጥፍ ቢሰፋ 15 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ ባቡሩም ያምራል። የመቀጣጠያው ከፍታ ከሎኮሞቲቩ ላይ ተለክቶ በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ይቸከል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ፉርጎ ሁሉ ከሎኮሞቲቩ ጋር ሳይሆን ከዚያ እንጨት ጋር ይመሳከራል።